ከሙሽሮቹ ጀርባ

እነእየሩስ ሰፈር፣ ሙሽራ ከሞተች የሰርጓ ፊልም ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ማቃጠሉ ያስፈራል፣ ማየቱ ደግሞ ከሞቱ ይብሳል። ስለዚህ አርባዋ ሲያልፍ ቤተሰቡ ፊልሙን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለቀረጸው ሰው ይመልሳል። ቀራጩም ለምን ሳይል ይቀበላል። ድሮ ካሴት ነበር፤ ከዚያ ሲዲ ሆነ፤ ቀጥሎ ፍላሽ መጣ። ጨርቁ ግን አልተለወጠም።

ጋሽ ቢሻው ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ከአሶሳ ሲሄድ ካሜራውን ሸጠ፣ መብራቱን ሸጠ። የተመለሱትን ፊልሞች ግን ማን ይገዛል? በብስኩት ካርቶን ከትቶ ለእየሩስ ተወላት። "አንቺው ያዢያቸው። ከኔ ይልቅ አንቺን ያምኑሻል" አላት። አልጋዋ ሥር አስገባችው። ቤት ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ ከቦታው አታነሳውም። አንዳንድ ቀን፣ ጸጥ ሲል፣ ካርቶኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ትሰማለች። አይጥ ይሆናል ትላለች። የአይጥ መርዝ ገዝታ ግን አታውቅም።

እየሩስ የሰፋሪ ልጅ ናት። እናትና አባቷ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዳርቻ ሰፈሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞተ፤ ደብተሯን አስቀምጣ ለጋሽ ቢሻው መብራት ያዥ ሆነች። መብራቱ ከባድ ነበር፤ ክንዷ ይዝላል፤ የሰው ሰርግ ላይ ግን እጅ አይወርድም። ቆይቶ ካሜራውን ሰጣት። ያስተማራትም አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሙሽራዋን ያዢ። የቀረው ቅጠል ነው።" እሷም ሃያ ዓመት ያህል ሙሽራ ስትይዝ ኖረች። ለራሷ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ሄደ። ስለዚያ ብዙ አታወራም። አሁን ሰርጉን ሁሉም በየስልኩ ይቀርጻል። እሷ በትንሽ ኪዮስክ ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያነሳች ትኖራለች።

ይልቃልን ያገኘችው እዚያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሙቀቱን እስካሁን አልለመደውም። ፎቶ ሊነሳ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣

"እትዬ እየሩስ፣ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለን" አላት። "ልጆቹ በስልካቸው አጫጭር ፊልም ቢሠሩ ብዬ ነበር። ታስተምሪልኛለሽ?"

"አገጭህን ቀና አድርግ። እኔ ሰባተኛን ያልጨረስኩ ሰው ምን አስተምራለሁ?"

"እኔ ዛፍ ነው የማውቀው። ካሜራ አላውቅም።"

"አትንቀሳቀስ።" አነሳችው። "ዩኒቨርሲቲ የለም እንዴ? የሚያውቅ ሞልቷል።"

"ጠየቅኳቸው። ፕሮፖዛል ጽፈህ አምጣ አሉኝ።"

ሳቀች። እሷ ደግሞ አንዴ ከሳቀች እምቢ ማለት አትችልበትም።

ልጆቹ መጀመሪያ የሠሩት ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ቦይ ውስጥ የወደቀ ፌስታል፣ ከላዩ ሞቅ ያለ ዘፈን፣ መጨረሻው ላይ "ፕላስቲክ ጠላታችን ነው" የሚል ጽሑፍ።

"ምን አደረጋችሁ ፌስታሉ?" አለቻቸው። "ተራምዶ ነው ቦይ የገባው?"

"ኑሃ ናት የጣለችው" አለ ሙዐዊያ፣ ከክበቡ ልጆች ረጅሙ። "ለቀረጻ ብላ።"

"ውሸታም! ብስኩቱን የበላህ አንተ!" አለች ኑሃ።

ኑሃ የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት። እናቷ እዚያ ወርቅ ታጥባለች፤ እሷ አሶሳ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ቤቷ የምትናገረው በርታኛ ስለሆነ አማርኛው አንዳንዴ ይጣመምባታል፤ እሷ ግን ለዚያ ግድ የላትም፣ ያሰበችውን ሳትናገር አትቀርም። ይልቃል ልጆቹን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ሾላ የወሰዳቸው ዕለት ነገሩን ያስጀመረችው እሷ ናት።

ሾላው ሥር ወንዝ ነበረ። ውሃው ከድንጋዮቹ መሀል ይቆምና ሰፋ ያለ ኩሬ ይሠራል። በዚያ ዘመን አሶሳ ውስጥ ያገባ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የኩሬው ዳር ቆሞ ተቀርጿል። አብራቸው የሄደችው እየሩስ ወደዚያ ከመጣች ብዙ ጊዜዋ ነው። ወሩ ጥር ነበር። ወርዳ ስታየው ኩሬው የነበረበት ጎድጓዳ ባዶውን ተቀምጧል። አሸዋ፣ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ አንድ የጫማ ሶል። ከላይ ያለው፣ ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርከሃ ጫካ እየተመነጠረ ከሰል ሲሆን ምንጩ እንደሸሸ ይልቃል ለልጆቹ አስረዳቸው።

ሙዐዊያ ፊቱ ተለወጠ። "ቲቸር፣ እኔን ያሳደገኝ ከሰል ነው። አባቴን ልቅረጸው?"

"አባትህን ተወው" አለች እየሩስ። "አንተ ውሃውን አሳይ። ሰው የራሱን ነገር ራሱ ያውቃል።"

"የቱን ውሃ?" አለች ኑሃ። "እትዬ፣ ትልልቅ ሰው ሁሉ እዚህ ውሃ ነበረች ይላል። እኛ አላየንም። ተረት ነው።"

"ተረት አይደለም። እዚሁ ቆሜ እግሬ ርሷል።"

"እሺ፣ አሳዪን።"

ማሳየት ትችል ነበር። ክፋቱ እሱ ነው። በሕይወት ያሉት ሙሽሮች ፊልማቸውን ይዘው ሄደዋል፤ እሷ ዘንድ የቀሩት የተመለሱት ብቻ ናቸው። ሁለት ቀን ካርቶኑን ስትዞረው ቆየች። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ የሟቾቹን ቤተሰቦች ልታስፈቅድ ወጣች። ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ውሃው ብቻ ነው እያለች በየቤቱ ቃል ገባች። አንዳንዱ ፈቀደ፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋ።

ወይዘሮ ወለላን ለመጨረሻ ያቆየቻት ፈርታ ነው። ብሩክታይት አንድ ልጇ ነበረች። ባገባች በሁለተኛ ዓመቷ ወባ ወሰዳት። ወለላ ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ፎቶ ሁሉ አውርዳለች። ልጅቷ ቁርጥ እናቷን ስለነበረች መስታወቱን ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች ይባላል። እየሩስ ስትደርስ በሯ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትቸረችር ነበር።

"እንደምን ዋሉ እማማ ወለላ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለውዝ ነው?"

"አይ። ስለ ፍላሹ ነው።"

የወለላ እጅ ጣሳው ላይ ቆመ። "ጠፋ እንዴ?"

"አልጠፋም። የተማሪ ቤት ልጆች ስለ ወንዙ ፊልም እየሠሩ ነው። ከእሷ ጀርባ ያለውን ውሃ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ፊቷንም ድምጿንም በእጄ ነው የምቆርጠው።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ። እኔ ያቺን ልጅ አንዴ ቀብሬያታለሁ። ፊቷን ካየሁ ሁለተኛ መቅበሬ ነው። አቅም የለኝም።"

"ቃሌ ነው እማማ።"

"ቃልሽን ከበላሽ ያንን ካርቶን ወንዝ ጨምሪው። ከእንግዲህ አንቺን የሚያምን አይኖርም።"

"ወንዙማ የለም" አለች እየሩስ። ሳታስበው አመለጣት።

ወለላ ቀና ብላ አየቻት። "የለም ማለት?"

"ደርቋል።"

"የሾላው?"

"አዎ።"

"ከሰርጓ ወዲህ አልሄድኩም" አለች ወለላ። ለውዙን በጣሳው እየሰፈረች ወደ ጆንያው መመለስ ጀመረች። "ያን ያህል ውሃ የት ይሄዳል?" ከዚያም፣ "በይ ውሰጂው" አለች።

ሥራውን የሠሩት ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ይልቃል ባመጣት አሮጌ ላፕቶፕ። ክረምት ላይ ማንኛውም ወንዝ ይሞላል ብሎ ይልቃል የጥር ሰርግ ብቻ እንዲመረጥ አዘዘ፤ ጥር ከጥር ጋር። እየሩስ ሙሽሮቹን ከወገብ በላይ እየቆረጠች አወጣቻቸው። የቀረው የቀሚስ ጠርዝ፣ ጫማ፣ ከዚያ ውሃ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ራስ የሌላቸውን ሙሽሮች እያዩ ሳቁ። ቀጥላ ዘፈኑን አነሳችው። ከዘፈኑ ሥር የውሃው ድምፅ ወጣ። እየሩስ ራሷ ደነገጠች፤ ያን ሁሉ ዓመት ዘፈን ስትጭንበት ኖራ እዚያ እንዳለ አታውቅም ነበር።

በዓመታቸው ደረደሯቸው። በመጀመሪያው ሰርግ ሙሽራዋ ሾላው ግንድ አጠገብ ቆማለች፤ ውሃው ጫማዋን ሊነካ ደርሷል። በሚቀጥለው ሙሽራዋ ትንሽ ወረድ ብላለች። ቀጥሎ ከድንጋዩ በታች። ቀጥሎ ጭቃው ላይ። ድምፁም አብሮ ይቀጥናል።

"እትዬ" አለ ሙዐዊያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙሽሮቹ ወደ ውስጥ እየገቡ ነው።"

እውነቱን ነው። በየዓመቱ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ውሃውን ተከትለው ወደ መሀል ይሄዳሉ። እርስ በርስ አይተዋወቁም። ማንም አልነገራቸውም። እየሩስ ግን የጋሽ ቢሻው ድምፅ ትዝ አላት። በየሰርጉ "ወደ ውሃው ጠጋ በሉ" ይል ነበር። ይጠጉ ነበር።

"ሁሉም ሞተዋል?" አለች ኑሃ።

"ሁሉም።"

"አላህ ይርሐማቸው" አለ ሙዐዊያ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

የብሩክታይትን ፊልም እየሩስ ብቻዋን ከፈተችው፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥታ። ሰርጉ ትዝ ይላታል። ሙሽሮቹ ከኩሬው ማዶ፣ እሷ ከወዲህ። የሙሽራው አንድ ጫማ ውሃ ውስጥ ወደቀና ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሊያወጡት ገቡ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም እየሳቀች ካሜራውን ረሳችውና ውሃው ላይ ቀረ። ሙሽራ ከእጇ ያመለጣት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኩሬው ሙሉውን የሚታይበትም ያ ፊልም ብቻ ነው። ማዶ የቆሙትን ሁሉ ከላይ ቆርጣ ጣለች። ሳቁን አጠፋች፤ በምትኩ ከሌላ ቦታ የውሃ ድምፅ አምጥታ አስገባች። ሁለቴ፣ ሦስቴ አየችው። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ ልጆቹን ጠራቻቸው።

ኑሃ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ይሄ ነጩ ምንድነው? ውሃ ውስጥ ያለው?"

ሚዜዎቹ ያደፈረሱት ውሃ ሲረጋ መሀል ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ላፕቶፑ ደብዛዛ ነው፤ እየሩስም ውሃው የት ድረስ እንደሚሞላ እያየች ነበር።

"ደመና ነው" አለቻት።

ፊልሙ በየካቲት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታየ። መስኮቶቹን በጆንያ ሸፈኑ፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠሩ። የወንዙ አካባቢ ነዋሪ መጣ፣ የቀበሌ ሰዎች መጡ፣ የሙዐዊያ አባትም መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ። ወለላ አልመጣም ብላ ነበር። ሊጀመር ሲል በሩ ተከፍቶ ብርሃን ገባ፤ እየሩስ ዘወር ስትል ወለላ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ከኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አየቻት።

"መጡ እማማ?" አለቻት ጠጋ ብላ።

"ወንዙን ላይ ነው" አለች ወለላ። "የት እንደሄደ።"

በሩ ተዘጋ፤ ጨለመ። ኑሃ ፊልሙን አስጀመረችው።

የመጀመሪያው ውሃ አንሶላው ላይ ሲመጣ አዳራሹ ተነፈሰ። "ይሄማ የሾላው ነው!" አለ አንድ ሽማግሌ። "እዚያ ድንጋይ ላይ አይደል ከብት የምናጠጣው?" ቀጥሎ የብሩክታይት ተራ ሆነ። የሚዜዎቹ ባዶ እግር ውሃውን እያደፈረሰ ወጣ። ውሃው ተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለም ረጋ።

አንሶላው ላይ ደመና አልነበረም። የሙሽራ ዓይነ ርግብ ነበር። ማዶ የቆመችውን እየሩስ ቆርጣ ጥላታለች፤ ውሃው ግን ይዟታል። ተገልብጣ፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ከሰው ቁመት በላይ ገዝፋ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ድምፅ የላትም። እጇን አንስታ ዓይነ ርግቧን ከፊቷ ገለል አደረገች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ አዳራሹ አየች።

"በስመ አብ!" አለች አንዲት ሴት።

እየሩስ ለሙሽራዋ ብላ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃውን አላየችውም፤ አሁን ለውሃው ብላ ሙሽራዋን አላየቻትም። ወደ ኋላ መዞር አቃታት።

"እትዬ፣ ላቁመው?" አለ ሙዐዊያ፣ ከኑሃ አጠገብ ሆኖ።

"እንዳትነኩት!" አለች ወለላ ከኋላ።

ማንም አልነካውም። ብሩክታይት ሳቋን ጨርሳ አፏን ገጠመች። ነፋስ ቢጤ መጣና ፊቷን በተነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥር መጣ፤ ፊቷ የነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይ ወጥቷል። ቀጣዩ ጥር፤ ጭቃ። የመጨረሻው ልጆቹ ዘንድሮ የቀረጹት ነው፤ አሸዋና የጫማ ሶል፣ ምንም ድምፅ የለም። ብርሃን ሲበራ ወለላ ወንበሯ ላይ አልነበረችም።

የቀበሌው ሰው ተነስቶ ንግግር አደረገ፤ ሽመሉ ይጠበቃል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል አለ። እየሩስ የሰማችው ነገር የለም። ያን ዕለት ማታ ቃል የገባችላቸው ቤተሰቦች ሁሉ ፊታቸው ተራ በተራ መጣባት። ካርቶኑን ከአልጋው ሥር አውጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ሲመጡ እንዲወስዱት። ማልቀስ አልመጣላትም። ነገር ሲበላሽ ማየት ለምዳለች።

በማግስቱ የብሩክታይትን ፍላሽ በጨርቁ ጠቅልላ ወለላ ቤት ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ አጥር ላይ ብቅ ብላ፣ "ጀሪካን ይዛ ወጣች፤ ወደ ቦኖ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ሾላው ዞረች" አለቻት። መንገድ ላይ ኑሃና ሙዐዊያ አገኟት። ተከተሏት።

ወለላ ኩሬው የነበረበት ጎድጓዳ ውስጥ ተንበርክካለች። ባለ ሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን አጠገቧ ተጋድሟል፤ ባዶ ነው። ከድንጋዩ ሥር፣ አሸዋው በሳሳበት በኩል፣ ያፈሰሰችው ውሃ ትንሽ ቆሟል። የአንድ ሰፌድ ያህል ቢሆን ነው። እሷ ላዩ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ እስኪረጋ ትጠብቃለች።

እየሩስ ከማዶ ቆመች። ካሜራ ይዛ የቆመችበት ቦታ ነው። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ዓይኗ ግን ውሃው ላይ ቀረ። ውሃው ረግቶ ነበር፤ ውስጡ አንዲት ሴት ተገልብጣ ታያታለች። እናቲቱ ትሁን ሌላዋ መለየት አልቻለችም። ሙዐዊያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ኑሃ እጁን ያዘችው፤ መልሶ ከተተው።

አሸዋው ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ጠጣው። ፊቷ መጀመሪያ ከግንባሩ፣ ከዚያ ከዓይኑ እያለ ጠፋ።

"አንድ ጀሪካን አይበቃም" አለች ወለላ። ቀና አላለችም። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለውዝ እንደምትሰፍርበት ድምፅ ያለ ነው። "አይተሻታል አይደል? ውሃ ሲኖር እዚህ ነበረች።"

"አይቻታለሁ እማማ።"

"ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ?"

እየሩስ ፍላሹን ደረቷ ውስጥ አስገባችና ወርዳ ጀሪካኑን አነሳች። ከሾላው እስከ ቦኖው ሩቅ ነው፤ ዳገትም አለው። ሲደርሱ ወረፋው ረጅም ነበር። ጀሪካኑን ከመጨረሻዋ ጀሪካን ጀርባ አስቀመጠችና እነኑሃን ከየቤታቸው ሌላ ጀሪካን ካለ እንዲያመጡ ላከቻቸው።